ባክቴሪያዎች በኬሚካል ሲነጋገሩ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፒያሳ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ወረፋ እየጠበቅን ነው። አንድ አባት ሱሪያቸውን ሰብስበው እግራቸው ላይ የወጣውን እብጠት ለፋርማሲስቷ ያሳዩና «ጀርሙ ገና ሲገባ ነው መርዙን የረጨብኝ» ይሏታል። «አባባ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው» አለቻቸው። ምክሯ ትክክል ነው፤ የእሳቸው አባባል ግን ብዙዎቻችን የምናምነው ስሕተት ነው።

«ባክቴሪያ እንደገባ ወዲያው ያጠቃል»

ሁልጊዜ አይደለም። ቁስል መግል እንዲይዝ ከሚያደርጉት ዋነኛው ስታፊሎኮከስ ኦውረስ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ሳለ ሥራው በአብዛኛው መጣበቅ ነው። እግረ መንገዱን ግን አንድ አጭር ፔፕታይድ (ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ) ወደ ውጭ ይለቃል። ባክቴሪያው ሲራባ ፔፕታይዱ ይጠራቀማል፤ በቂ ሲሆን በባክቴሪያው ሽፋን ላይ ያለው ተቀባይ ፕሮቲን ይነቃና መርዝ የሚያመርቱት ጂኖች ይከፈታሉ። ልክ እንደ ዕድር ስብሰባ፣ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ ውሳኔ የለም። ደግሞ የሚገርመው ይህ ዝርያ አራት ዓይነት ፔፕታይድ አለው፤ የአንዱ ወገን መልእክት የሌላውን ሊያፍን ይችላል። «ባክቴሪያ ሁሉ ይግባባል» የሚለውም እዚሁ ላይ ይወድቃል።

«እያሰቡ ያሴራሉ»

አያስቡም። ኬሚካል ይከማቻል፣ ጂን ይከፈታል፣ በቃ። እንዲያውም ጠባብ ቦታ የታሰረ አንድ ባክቴሪያ ብቻውን ሆኖ፣ የራሱ ኬሚካል ስለተከማቸበት ብቻ እንደ ብዙ ሊሠራ ይችላል።

«ይህ የኬሚካል ንግግር የተደረሰበት በሽታ ሲጠና ነው»

መነሻው ባሕር ነው። በ1970 (እ.ኤ.አ.) ኒልሰን፣ ፕላትና ሄስቲንግስ፣ በስፋት ቪብሪዮ ፊሼሪ በመባል የሚታወቀው ብርሃን ሰጪ ባክቴሪያ ሲጨናነቅ ብቻ ደምቆ እንደሚያበራ አሳዩ።

«በበዙ ቁጥር ይብሳሉ»

የኮሌራ ባክቴሪያ ተቃራኒው ነው። ጥቂት ሳለ አንጀት ላይ ይለጠፋል፣ መርዙንም ያመርታል። ሲበዛ ግን የተጠራቀመው የኬሚካል ምልክት የመርዙንና የመጣበቂያውን ጂኖች ያዘጋል፤ ከአንጀት የሚያላቅቀውን ኢንዛይም ያመርትና ከተቅማጡ ጋር ይወጣል። ለእሱ መብዛት የመሄጃ ሰዓት ነው። እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ይሄ ነው።

«ንግግሩን ካቋረጥን አንቲባዮቲክ አያስፈልግም»

ሐሳቡ ያጓጓል፤ ሳይገድሉ ማዳከም ነዋ። ሦስት ሦስት ፍሬ እየታሸገ የሚሸጠው አዚትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ እንኳ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለውን ሳንባን ሊያጠቃ የሚችል ባክቴሪያ ሳይገድል ምልክቱን ሊያውክ እንደሚችል ታይቷል። (ይህን አንብቦ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ እንዳይኖር!) ነገር ግን ሲስቲክ ፋይብሮሲስ (ሳንባን በወፍራም አክታ የሚሞላ በዘር የሚተላለፍ በሽታ) ባለባቸው ሰዎች ሳንባ ውስጥ ለዓመታት የቆየው ሱዶሞናስ ብዙ ጊዜ ዋናውን የምልክት መቀበያ በራሱ ያጣ ሆኖ ይገኛል፤ ሕመሙ ግን አለ። ስታፊሎኮከስ ላይ ደግሞ ችግሩ ይከፋል፤ ያው ምልክት ባክቴሪያው ከተጣበቀበት እንዲለቅ ስለሚረዳ፣ ቢቋረጥ ካቴተር (ሰውነት ውስጥ የሚገባ ቀጭን የሕክምና ቱቦ) ላይ ይበልጥ ወፍሮ ሊጣበቅ ይችላል።