ጉጃራት፦ ወደብና ጉድጓድ የሠሯት ምድር

ጉጃራት በሕንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ላይ ከፓኪስታን ጋር የምትዋሰን ግዛት ናት። ከዋናው የሕንድ መሬት ግዛቶች ሁሉ ረጅሙን የባሕር ዳርቻ የያዘችው እርሷ ስትሆን ርዝመቱ ከ1,600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የቆዳ ስፋቷ 196,024 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ በ2011 የሕዝብ ቆጠራ 60.4 ሚሊዮን ሰው ይኖርባት ነበር (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቀድሞው የቦምቤ ግዛት በቋንቋ ተከፍሎ ጉጃራትኛ ተናጋሪው ክፍል ራሱን የቻለው ሜይ 1 ቀን 1960 ነበር። መናገሻዋ ጋንዲናጋር ከዚያ ወዲህ የተቆረቆረች የመንግሥት ከተማ ናት፤ ትልቋ ከተማ ግን አህመዳባድ ናት።

ባሕሩ እንዲህ ሰፊ ሆኖ ሳለ የሚጠጣው ውኃ ከጥንት ጀምሮ ጥቂት ነው። የዓመቱ ዝናብ ከሞላ ጎደል ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ወርዶ ያልቃል፤ በሰሜን ምዕራቡ የካች አውራጃ ደግሞ ዝናቡ ጭራሹን የሚቀርበት ዓመት አለ። የጉጃራት ከተሞች የቆሙት መርከብን ጭቃ በበዛበት የወንዝ አፍ ማስገባትና የክረምቱን ውኃ እስከ በጋ ማቆየት በቻሉ ሰዎች ነው። ጭቃው ሲያሸንፍ ወይም ጉድጓዱ ሲደርቅ ከተማውም ይለወጣል።

የዚህ ጥበብ ጥንታዊ ምስክር ዶላቪራ ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3000 ዓመት ገደማ የተቆረቆረችው ይህች የኢንደስ ሥልጣኔ ከተማ ካዲር በምትባል፣ በጨው ሜዳ በተከበበች ደሴት ላይ ትገኛለች። በግራና በቀኝ መንሳርና መንሃር የተባሉ ጅረቶች ያልፋሉ፤ ሁለቱም የሚፈሱት በዝናብ ወራት ብቻ ነው። ነዋሪዎቹ ጅረቶቹን በግድብ እየጠለፉ፣ በከፊል ከአለት በተፈለፈሉና እንደ መሬቱ ዘቅዛቃነት በተደረደሩ ገንዳዎች ውኃውን ያጠራቅሙ ነበር። ቦታው በ1968 ተለይቶ ከ1989 እስከ 2005 ተቆፈረ፤ በ2021 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በሰሜኑ በር አጠገብ የተገኘውን ባለ 10 ምልክት ጽሑፍ እስካሁን ያነበበው የለም። በደቡብ በኩል ሎታል ላይ 218 ሜትር በ37 ሜትር የሆነ በሸክላ ጡብ የተገነባ ገንዳ አለ። ቆፋሪዎቹ የመርከብ ማቆሚያ ነው አሉ፤ ሌሎች ተመራማሪዎች የውኃ ማጠራቀሚያ እንጂ ወደብ አይደለም ብለው ይከራከራሉ። ገንዳው ምንም ይሁን ምን፣ በአካባቢው የተገኘ የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዓይነት ማኅተም የባሕር ንግድ እንደነበር ያመለክታል።

በመካከለኛው ዘመን ትልቁ ወደብ በስሟ በሚጠራው ባሕረ ሰላጤ ጫፍ ላይ ያለችው ካምባት ነበረች። እዚያ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ልዩነት 10 ሜትር ያህል ይደርሳል። መርከብ በሙላት ይገባል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃ ላይ ይቀመጣል። ወንዞቹ ያመጡት ደለል ሰላጤውን እያጠበበው ሲሄድ ትልልቅ መርከቦች መግባት አቃታቸው፤ ንግዱም ወደ ሱራት፣ ከሱራት ደግሞ በኋላ ወደ ቦምቤ (የዛሬዋ ሙምባይ) ሸሸ። ካምባት ላይ የቀረው የዶቃ ሥራ ነው። ራታንፑር ከሚባል ስፍራ የሚወጣው የአጌት ድንጋይ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ይሰነብታል፤ ከዚያ በሸክላ ማሰሮ ውስጥ በአመድ ተቀብሮ በዝግታ በሚነድ እሳት ይጋላል። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ብረት በሙቀቱ ቀይ ቀለም ይሰጠዋል። እሳቱ ከቸኮለ ወይም ማሰሮው ሳይቀዘቅዝ ከተከፈተ ድንጋዩ ይሰነጠቅና የወራት ድካም ገደል ይገባል። ከዚህ በኋላ ተጠርቦ፣ ተፈትጎ፣ በስተመጨረሻ ይበሳል።

ከራታንፑር አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ የባባ ጎር መቃብር አለ። በአገሬው ትውፊት ባባ ጎር የዶቃውን ንግድ ያስፋፋ የሐበሻ ሰው ነው። ሲዲ የሚባሉት አፍሪካዊ ዝርያ ያላቸው ጉጃራታውያን ይህን ስፍራ ይሳለማሉ፤ ጃምቡርን በመሰሉ በጊር ደን አቅራቢያ ባሉ መንደሮችም ይኖራሉ፤ የሚናገሩትም ጉጃራትኛ ነው። ዳማል የሚሉት የከበሮ ጭፈራቸው የታወቀ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ሲዲዎችን ሁሉ የራሳችን አድርገን የመቁጠር ዝንባሌ አለን። የዘረመል ጥናት ግን የዛሬዎቹን ሲዲዎች በአብዛኛው ከምሥራቅ አፍሪካ የባንቱ ሕዝቦች ጋር ያያይዛቸዋል። ከሐበሻ ምድር ስለመጡት ይበልጥ ጥርት ያለ ማስረጃ የምናገኘው በጉጃራት ሱልጣኖች ዘመን በነበሩት ወታደሮችና ሹማምንት ታሪክ ውስጥ ነው።

ከእነዚህ አንዱ ሲዲ ሰዒድ ነው። በአህመዳባድ መሐል፣ ዛሬ መኪና በሚጋፋበት አደባባይ ጥግ ያሠራው መስጊድ በ1572/73 የተገነባ ነው። ሕንፃው ትንሽ ነው፤ ሰው የሚመጣው ለመስኮቶቹ ነው። በምዕራቡ ግድግዳ ከፍ ብሎ ባለው ቅስት ውስጥ ድንጋዩ እንደ ጥልፍ ተፈልፍሎ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ዛፍ ወጥቶበታል። ብዙ ጎብኚ ፊት ለፊት ቆሞ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ጥልፉ በደንብ የሚታየው ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከጀርባው ስትሆን ከውስጥ ሆነው ሲያዩት ነው።

አህመዳባድ በ1411 በሱልጣን አህመድ ሻህ ተቆረቆረች፤ በ2017 ከሕንድ ከተሞች የመጀመሪያዋ የዓለም ቅርስ ከተማ ሆነች። ቅርሱ ሐውልት ብቻ አይደለም፤ ፖል የሚባሉት ጠባብ ሰፈሮችም ናቸው። አንድ ፖል አንድ በር አለው፤ ማታ ይዘጋል፤ ውስጡ በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በሙያ የተሳሰሩ ቤተሰቦች ይኖሩበታል። ቤቶቹ የተቀረጸ እንጨትና ጡብ ናቸው፤ መሐላቸው ሰማይ የሚታይበት ግቢ አለ። ከግቢው ሥር ታንካ የተባለ በኖራ የተለሰነ የውኃ ጉድጓድ ይገኛል። የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ እንዲፈስ ይለቀቃል፤ ጉድጓዱ የሚሞላው ከዚያ በኋላ በሚመጣው ነው። ብርሃን እንዳይገባበት ከተከደነ ውኃው ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል፤ ልስኑ ከተሰነጠቀ ግን የፍሳሽ ውኃ ይቀላቀለዋል። የቧንቧ ውኃ ከገባ ወዲህ ብዙዎቹ ታንካዎች ተረስተዋል፤ እንጨቱም ምስጥ እየበላው፣ ወራሾች በድርሻ እየተጣሉ ቤቶቹ ይፈርሳሉ። ሰፈሮቹን ለማየት ማዘጋጃ ቤቱ በ1997 የጀመረው የጠዋት የእግር ጉብኝት ይመረጣል፤ ከካሉፑር የስዋሚናራያን ቤተ መቅደስ ተነሥቶ 260 ዓምዶች ባሉት በ1424ቱ የጁምዓ መስጊድ ያበቃል።

ከአህመዳባድ ወጣ ብላ ያለችው አዳላጅና በሰሜን ያለችው ፓታን ደረጃ ባላቸው ጉድጓዶቻቸው ይታወቃሉ። ቫቭ የሚባለው ይህ ግንባታ ወደ ምድር የተቀበረ ሕንፃ ማለት ይቻላል፦ ሰው በደረጃ ፎቅ በፎቅ እየወረደ የከርሰ ምድር ውኃው ዘንድ ይደርሳል። ውኃው በክረምት ከፍ፣ በበጋ ዝቅ ስለሚል ደረጃው በየትኛውም ወር ውኃው ያለበት ድረስ ያደርሳል። ፓታን ያለው ራኒ ኪ ቫቭ በ11ኛው ክፍለ ዘመን በንግሥት ኡደያማቲ እንደተሠራ ይነገራል፤ 7 እርከን፣ 64 ሜትር ርዝመት፣ 27 ሜትር ጥልቀት አለው። የሳራስዋቲ ወንዝ ጎርፍ ሞልቶ በደለል ቀበረው፤ ከ500 በላይ የሆኑት ዋና ዋና ቅርጾቹ ፊታቸው ሳይሸረሸር የቀሩትም ለዚህ ነው።

ፓታን ሌላም ነገር አላት፦ ፓቶላ የተባለው የሐር ሳሪ። ተራው ክሩ ታስሮ የሚነከር ጨርቅ በአንድ አቅጣጫ ባለው ክር ላይ ብቻ ይነከራል፤ በፓቶላ ግን ድሩም ማጉም ከመሸመኑ በፊት በንድፉ መሠረት በክር እየታሰረ፣ እየተፈታና እንደገና እየታሰረ በየቀለሙ ይነከራል። ሽመናው ላይ የማጉ ቀይ ነጥብ በድሩ ቀይ ነጥብ ላይ ካላረፈ ሥዕሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ ሸማኔው ጥቂት ስንዝር በሸመነ ቁጥር ድሩን አላልቶ ክሮቹን በመርፌ ያስተካክላል። አንድ ሳሪ ብዙ እጅ ገብቶበት ከ4 እስከ 6 ወር ይፈጃል፤ በገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡት አብዛኞቹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተነከሩ ወይም የታተሙ ናቸው። ለመለየት ጨርቁን መገልበጥ ይበቃል፤ እውነተኛው በሁለቱም ገጽ እኩል ነው።

ሱራት ከካምባት የወረሰችውን ንግድ በሙጋሎች ዘመን አሳደገችው፤ የሕንድ ሙስሊሞች ለሐጅ የሚሳፈሩትም ከዚያ ነበር። እንግሊዞች በ1610ዎቹ የመጀመሪያ መጋዘናቸውን ከፈቱባት፤ የማራታዎቹ መሪ ሺቫጂ በ1664 ዘረፋት። ዛሬ ከዓለም አልማዝ ከ10 ፍሬ 9ኙ የሚጠረበው እዚህ ነው ይባላል። ጥሬው ድንጋይ መጀመሪያ በኮምፒውተር ይነደፋል፤ ከዚያ በሌዘር ይሰነጠቃል፣ ዙሪያው ይከረከማል፣ በመጨረሻ ብዙ ጊዜ 57 ወይም 58 ገጽ እስኪኖረው ይፈተጋል። ከግማሽ የሚበልጠው ክብደት በዱቄት መልክ ይጠፋል፤ ስለዚህ ትርፍና ኪሳራ የሚወሰነው ንድፉ ላይ ነው።

የጉጃራት ነጋዴ ወደ እኛም መጥቷል። አዲስ አበባ ፒያሳ ያለው ሞሐመዳሊ ቤት የዚያ አሻራ ነው፤ የሞሐመዳሊ የንግድ ድርጅት ከጉጃራት የመጡ፣ ቦህራ የሚባሉ ሙስሊም ነጋዴዎች ነበር።

ካች ሌላ ዓለም ነው። በክረምት ባሕሩና ወንዞቹ የሚያጥለቀልቁት ራን የተባለው ሜዳ በበጋ ደርቆ ነጭ ይሆናል። ከትንሹ ራን ጨው የሚያወጡት አጋሪያዎች ውኃው እንደሸሸ በኦክቶበር ገደማ ይገባሉ። ጉድጓድ ቆፍረው ጨዋማውን ውኃ በፓምፕ እያወጡ ከገንዳ ወደ ገንዳ ያሳልፉታል፤ እየተነነ ወፍሮ 25 ዲግሪ ቦሜ (የጨው ውኃ ውፍረት መለኪያ) ገደማ ሲደርስ ጨው ይረጋል። ክሪስታሉ እንዲያድግ በእንጨት መጎተቻ በየቀኑ ይታረሳል፤ ምርቱ የሚነሳው ማርችና ኤፕሪል ላይ ነው። ያለ ወቅቱ የጣለ አንድ ዝናብ የወራቱን ሥራ ያሟሟዋል። ጋንዲ ከአህመዳባድ ሳባርማቲ መኖሪያቸው ማርች 12 ቀን 1930 ከ78 ተከታዮች ጋር ተነሥተው 385 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ተጉዘው ዳንዲ ዳርቻ ላይ ያነሡት ጭብጥ ጨው የእንግሊዝን የጨው ግብር የሚጥስ ነበር፤ ቦታውም ጨው የዕለት ኑሮ የሆነበት ምድር ነው።

ጃንዋሪ 26 ቀን 2001 በካች የደረሰው በመጠን 7.7 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ቡጅ ከተማን አፈራረሰ፤ ሟቾቹ 20,000 ያህል ይገመታሉ። ቡንጋ የሚባሉት ክብ የጭቃ ቤቶች፣ ከእኛ ጎጆ ጋር የሚመሳሰሉት፣ ከብዙ የድንጋይና የሲሚንቶ ቤቶች የተሻለ ተቋቁመውታል። ክብ ግድግዳ ማዕዘን የለውም፤ ግፊቱን ዙሪያውን ያከፋፍላል፤ ጣሪያውም ቀላል ነው።

ጉዞ ለሚያስብ ሰው ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለው ጊዜ ይሻላል፤ በሜይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ነጩን ራን በኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ቸኩሎ የሄደ የሚያገኘው ጭቃ ነው፤ ድንበር ቅርብ በመሆኑም መታወቂያ ወይም ፓስፖርትና ፈቃድ ይጠየቃል። የሂንዱዎች በዓል የሆነው የናቭራትሪ ዘጠኝ ሌሊቶች በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር ይውላሉ፤ በዚያን ጊዜ የሚጨፈረው ጋርባ በ2023 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ጭፈራው በመብራት ወይም በአምላክ ምስል ዙሪያ ክብ ሠርቶ የሚዞር ነውና አዲስ ገቢ ከውጭኛው ረድፍ ቢጀምር ይሻላል፤ መሐል ገብቶ እርምጃ የሳተ ሰው ሰልፉን በሙሉ ያደናቅፋል። በጃንዋሪ 14ቱ የካይት (በክር ታስሮ የሚበርር ወረቀት) በዓል ደግሞ በመስታወት ዱቄት የተቀባ ክር የወፍም የሞተር ሳይክል ነጂም አንገት ይቆርጣል፤ በዚያ ቀን በሞተር አለመሄድ ይመከራል።

ምግቡ በአብዛኛው ሥጋ የለውም፤ በወጡ ውስጥ ስኳር ስለሚገባ የኛ ሰው መጀመሪያ ይገርመዋል። በእንፋሎት የሚበስለው ካማን የተባለ የሽምብራ ምግብ ሶዳው በመጨረሻ ተጨምሮ ወዲያው ካልተጣደ አይነፋም። ለመጠጥ ግን ግዛቲቱ ከ1960 ጀምሮ አልኮል የከለከለች ናት፤ የውጭ አገር ጎብኚ ፈቃድ አውጥቶ ከተፈቀደላቸው ሱቆች ሊገዛ ይችላል፤ ከሌላ ግዛት ጠርሙስ ይዞ መግባት ያስቀጣል።