የሜክሲኮ ነባር የበቆሎ ዝርያዎች

አገራችን በቆሎን በአንዳንድ አካባቢ «የባሕር ማሽላ» ትለዋለች። ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን ስሙ ራሱ ይናገራል። ከባሕሩ ማዶ ያለው የትውልድ ቦታው ሜክሲኮ ሲሆን፣ የአገሪቱ የብዝኃ ሕይወት ኮሚሽን 64 ዝርያዎች ቆጥሯል፤ ከነዚህ 59ኙ እዚያው የተገኙ ናቸው። ቁጥሩ ግን ያሳስታል። በአንዱ ዝርያ ሥር ከመንደር መንደር የሚለያዩ ብዙ ዘሮች አሉ።

የሁሉም ጥንት ቴኦሲንቴ የሚባል ሣር ነው። ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት በደቡብ ምዕራብ ሜክሲኮ፣ በባልሳስ ወንዝ ሸለቆ ለማዳ ሆነ። የሣሩ ራስ ጥቂት ፍሬ ብቻ ይይዛል፤ እያንዳንዱም ጥርስ በሚሰብር ቅርፊት ታሽጓል። ኋላ ደግሞ ከደጋው ቴኦሲንቴ ጋር ተዳቀለ። ዛሬ ካለው የበቆሎ ዘረመል አንድ አምስተኛ የሚጠጋው የመጣው ከዚያ ነው።

ልዩነቱ የማያልቀው በቆሎ በነፋስ ስለሚዳቀል ነው። ከራሱ ጫፍ ከሚንጠለጠለው ፀጉር እያንዳንዱ ክር የሚያመራው ወደ አንድ ፍሬ ነው፤ እያንዳንዱ ክርም ብናኙን ከሌላ ተክል ሊቀበል ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቆረቆንዳ ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩት ፍሬዎች እናታቸው አንድ፣ አባታቸው ብዙ ነው። ነጩ፣ ሰማያዊውና ቢጫው አንድ ላይ የሚታዩትም ለዚህ ነው። የፍሬው የላይኛው ሽፋን ግን የእናት ብቻ በመሆኑ፣ ቀለሙ እዚያ ላይ ያረፈ እንደሆነ ራሱ ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ቀለም ይይዛል። በሁለት የበቆሎ ዘሮች መካከል ያለው የዘረመል ርቀት በሰውና በቺምፓንዚ መካከል ያለውን ያህላል ይባላል።

ነፋሱ የደባለቀውን የሚለየው ገበሬው፣ ብዙ ጊዜም የቤቱ እመቤት ናት። መለኪያዋ ደግሞ ምጣድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቴሁዋንቴፔክ ልሳነ ምድር የሚዘራው ሳፓሎቴ ቺኮ አጭር ስለሆነ የአካባቢው ብርቱ ነፋስ አይጥለውም፤ ፈጥኖም ይደርሳል። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የሳፖቴክ ሴቶች በሸክላ ምድጃ የሚጋግሩት ቶቶፖ የተባለ ደረቅ ቂጣ የሚሠራው ከርሱ ነው። በደቡብ ሜክሲኮ ላለችው የኦሃካ ክፍለ ግዛት ሰፊ ቂጣ ቦሊታ የተባለው ዝርያ ይመረጣል። ፖሶሌ ለሚባለው ሾርባ ደግሞ ፍሬው ትልቅና ዱቄታም የሆነው ካካዋሲንትሌ ተቀቅሎ እንደ ንፍሮ ይፈነዳል። ሰው የሚበላው እስካለ ድረስ ዘሩ ከቤት አይጠፋም።

በኦሃካ ሲዬራ ሚሄ ተራሮች የሚገኝ የኦሎቶን ወገን በቆሎ ነገር ለብቻው ነው። ከመሬት በላይ በተንጠለጠሉት ሥሮቹ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ፈሳሽ ያመነጫል። በፈሳሹ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ይይዙለታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት መሠረት ከሚያስፈልገው ናይትሮጅን ከ29 እስከ 82 በመቶ የሚሆነውን በዚህ መንገድ ያገኛል። ለማዳበሪያ ዕዳ ለሚጨነቅ ገበሬ ቀላል ወሬ አይደለም።

ልዩነት ሲጠፋ ግን አደጋ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ድቅል ዘር አንድ ዓይነት የእናት ወገን ስለነበረው፣ አንድ የቅጠል በሽታ ከአገሪቱ የበቆሎ ምርት 15 በመቶ ያህሉን ወሰደ።

በቴስኮኮ የሚገኘው ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማዕከል ከ28,000 በላይ የበቆሎ ናሙናዎችን በቅዝቃዜ ያቆያል። ማሳ ላይ ያለው ዕጣ ግን ሌላ ነው። የቶሉካ ደጋ ጥንታዊ ፈንዲሻ፣ ፓሎሜሮ፣ ሊጠፋ ተቃርቧል። በናያሪት ክፍለ ግዛት የሚበቅለውና በርዝመቱ የሚታወቀው ሃላም ዛሬ የሚዘራው በጥቂት ማሳዎች ብቻ ነው። ስሙን የሰጠችው የሃላ ከተማ አሁንም በየዓመቱ የረጅሙን ራስ ውድድር ታካሂዳለች፤ ሆኖም የዛሬዎቹ አሸናፊዎች ከመቶ ዓመት በፊት ከተመዘገቡት ያጥራሉ።