የዘር ፈሳሽ ምርመራ ምንድን ነው?

ልጅ አልመጣላቸው ስላለ ባልና ሚስት የተጻፈ አንድ ቀልደኛ የእንግሊዝ ልቦለድ ሰሞኑን ደግሜ አነበብኩ። በመጀመሪያው ንባቤ በጣም ያሳቀኝ ባልየው የናሙና ዕቃ ተሰጥቶት የሚገባበት ጣጣ ነበር። አሁንም ሳቅኩ። ግን ሐሳቤ ወዲያው ወደ ጎጃም ሄደ። እዚህ እኮ ባል ያ ዕቃ ጋ የሚደርሰው ስንት ጣጣ ካለፈ በኋላ ነው። ከጸበል ጸበል፣ ከክሊኒክ ክሊኒክ የምትመላለሰው ሚስት ናት። ዓመት ሁለት ዓመት ሲያልፍ ዘመድ በባል ጆሮ «ሌላ አግባ» ማለት ይጀምራል። የሚገርመው፣ ግንቦት 1 ደጅ ወጥተን የልደታን ንፍሮ ስንበላ የምንሰማው ታሪክ ኢያቄምንም ሐናንም መካኖች ነበሩ ይላል። ባልን ነጥሎ አያወጣም።

ምርመራው ራሱ ቀላል ነው። የባልየው የዘር ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ስፐርሙ (ፈሳሹ ውስጥ ያለው የወንዱ ዘር ሕዋስ) ይቆጠራል፣ እንቅስቃሴውና ቅርጹ ይታያል። ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሞክረው ካልተጸነሰ ባልና ሚስት አብረው መመርመር አለባቸው። ሚስት 35 ዓመት ካለፋት ስድስት ወር ይበቃል።

ቀልዱ ያለው አሰጣጡ ላይ ነው። ባልየው አስቀድሞ ከ2 እስከ 7 ቀን ከሩካቤ ይታቀባል። ጾም ለለመደ ሰው ይሄ ምንም አይደለም። ብዙ መቆየት ግን አይጠቅምም፤ የከረመ ስፐርም እንቅስቃሴው ይደክማል። ስለዚህ ሁዳዴን ሙሉ ታቅቦ በፋሲካ ዋዜማ ናሙና መስጠት ብልህነት አይደለም። ከዚያ ንጹሕ ዕቃ ይሰጠውና ብቻውን ክፍል ይገባል። በእጁ ነው፣ አዎ። ለንስሐ አባቴ ምን እላለሁ ብሎ የሚጨነቅም አለ። ለሱም መላ አለው፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ኮንዶም አለና ከሚስቱ ጋር ሆኖ መስጠት ይችላል። የሱቁ ኮንዶም ግን ስፐርሙን ስለሚጎዳ አይሆንም። ናሙናው ሳይቀዘቅዝ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ከሞጣ ባሕር ዳር ይዞ መምጣት አይታሰብም፤ እዚያው ሄዶ መስጠት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ዝቅተኛ መለኪያ አለው። በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም፣ ከዚያ ውስጥ 42 በመቶው የሚንቀሳቀስ፣ 4 በመቶው ደግሞ ቅርጹ የተስተካከለ። አዎ፣ 4 በመቶ። ውጤት ወረቀቱ ላይ ይህን አይቶ የሚደነግጥ ብዙ ነው፤ ጤናማ ወንድ ላይም ቢሆን ግን አብዛኛው ስፐርም ቅርጹ የተስተካከለ አይደለም። ከመለኪያው በታች መሆንም ፈጽሞ አይወለድም ማለት አይደለም።

በአንድ ውጤትም አይፈረድም። ስፐርም ተሠርቶ ለመውጣት ከሁለት ወር በላይ ይፈጅበታል። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ወባ ያንቀጠቀጠው ሰው፣ ትኩሳቱ ከለቀቀው በኋላም ለሳምንታት ቁጥሩ ሊያሽቆለቁል ይችላል። ስለዚህ ውጤቱ ካላማረ ቆይቶ ይደገማል።

ወንዱን ከምርመራው የሚያሸሸው ግን ዕቃው አይመስለኝም። ወንድነቱ የሚለካ ይመስለዋል። ስንፈተ ወሲብ ሌላ፣ የስፐርም ቁጥር ሌላ። አልጋ ላይ ምንም የማይጎድለው ሰው ፈሳሹ ውስጥ አንድም ስፐርም ላይኖር ይችላል፤ በዓይን አይቶ የሚያውቀው ነገርም የለም። ያም ቢሆን የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ቱቦው ተዘግቶ ከሆነ ስፐርሙ ከቆለጥ በመርፌ ሊወጣ ይችላል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አንዷን ስፐርም እንቁላል ውስጥ አስገብቶ ማስጸነስ ተችሏል። በእኛም አገር አዲስ አበባ ያለው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው። ወጪውና ምልልሱ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም።

የሚስትን ምርመራ ደግሞ አስቡት። የማሕፀን ቱቦ መዘጋቱን ለማየት በማሕፀኗ በኩል ፈሳሽ ተረጭቶ ራጅ ትነሳለች። ያማል። እሷ እዚያ አልጋ ላይ ከመውጣቷ በፊት የሱ ውጤት ሐኪሙ እጅ ላይ ቢደርስ ጥሩ ነው።