የልብ ሲቲ ስካን ምርመራ ከአዳማ ሲታይ

የልብ ሲቲ ስካን ኮሮናሪ የሚባሉትን፣ የልብን ጡንቻ የሚመግቡ የደም ቧንቧዎች ቱቦ ወደ ልብ ሳይገባ በራጅ ጨረር የሚያሳይ ምርመራ ነው። አዳማ ውስጥ «ልቤን ታይቻለሁ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የታየው በኤኮ፣ ማለትም በድምፅ ሞገድ በሚሠራው የልብ አልትራሳውንድ ነው፤ አግባብም ነው። በአገራችን ወጣቶችን የሚያጠቃው የሩማቲክ ልብ በሽታ የሚጎዳው ቫልቮችን (የልብን በሮች) ስለሆነ፣ ለእነርሱ ኤኮ ይበልጣል። ሲቲ የሚፈለገው በተለይ ደረቱን የሚያመው ሰው ቧንቧው ጠቦ እንደሆነ ለማወቅ ነው።

ሲቲ ስካን የመጀመሪያውን ታካሚ ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ነው። ልብ ግን ስለማያርፍ፣ ኮሮናሪን አጥርቶ ማየት የተለመደው ባለ 64 የጨረር መቀበያ ረድፍ መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ከመጡ በኋላ ነው።

የከተማችን ሕክምና ሲነሣ አንጋፋው አዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ይቀድማል፤ ነባር ነዋሪዎች ዛሬም በአርበኛው ስም «ኃይለማርያም ማሞ» ይሉታል። ለተጨማሪ ምርመራ አዲስ አበባ የሚላክ ሰውም በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አቅልሎለታል።

ምስሉ የሚጠራው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 65 ጊዜ ወይም ከዚያ በታች ሲመታ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀምረው ከቤት ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ለ12 ሰዓት ያህል ቡናም ሻይም ኮካም አይጠጣም፤ አቦሉ ብቻ ቢሆንም እንኳ። ጫትም እንዲሁ፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ጫት በቃመ ማግስት ለምርመራ የሚቀርብ ሰው ሳያፍር መናገር አለበት። ምግብ ለጥቂት ሰዓታት ይከለከላል፤ ውኃ ግን ይፈቀዳል። በጾም ምክንያት ውኃ የማይቀምስ ሰው ቀጠሮ ሲይዝ ቢያሳውቅ ይሻላል፤ በደም ሥር የሚሰጠው አዮዲን ያለበት ኮንትራስት (ቧንቧዎቹን በምስሉ ላይ የሚያጎላ ፈሳሽ) የሚወጣው በኩላሊት ነውና። የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየው ክሬአቲኒን በደም ውስጥ አስቀድሞ የሚለካውም ለዚሁ ነው። አስም፣ እርግዝና፣ የመድኃኒት አለርጂ አይደበቁም። ሲልዴናፊል (ቪያግራ) የወሰደ ወንድም ይናገር፤ ቧንቧን ለማስፋት ከምላስ ሥር ከሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪን ጋር ሲገናኝ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ይጥላል።

ተመርማሪው እጆቹን ከራሱ በላይ ዘርግቶ በጀርባው ይተኛል። ደረቱ ላይ የልብን ኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግበው የኢሲጂ ሽቦ ይለጠፋል፣ ክንዱ መታጠፊያ ላይ ሰፋ ያለ መርፌ ይገባል። ምቱ ከፈጠነ ሜቶፕሮሎል የተባለ ምት የሚያዘገይ መድኃኒት ይሰጠዋል። ኮንትራስቱ በሰከንድ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ሲገፋ ሙቀት ከጉሮሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሽንት ያመለጣቸው መስሏቸው የሚደነግጡ አሉ፣ አላመለጣቸውም። ከዚያ «ትንፋሽዎን ይያዙ» ይባላል፤ ጥቂት ሰከንዶች ናቸው። ከአርሲ ገጠር ለመጣች እናት ይህ ትእዛዝ አስቀድሞ በአፋን ኦሮሞ ሊነገራትና ልትለማመደው ይገባል፤ አንድ ያልተያዘ ትንፋሽ ምስሉን ያደበዝዛል።

ያለ ኮንትራስት በሲቲ የሚሠራው፣ በልብ ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ የጠጠረውን ካልሲየም የሚለካው የካልሲየም ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ1990 አርተር አጋትስተንና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት ነው። ዜሮ መልካም ዜና ነው፤ ከ400 በላይ ከባድ ክምችትን ያመለክታል። ይሁንና ገና ያልጠጠረ የስብ ክምችት በዚህ ቆጠራ ላይታይ ይችላል። ስለ ጨረሩ የሚሰጋ አለ፤ በዘመናዊ መሣሪያ ከ5 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) በታች ማድረግ ስለሚቻል ስጋቱ የተጋነነ ይመስላል። የምርመራው ጥቅም ግን አያጠራጥርም። በስኮትላንድ 4,146 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጥናት፣ ሲቲ ከተጨመረላቸው መካከል በ5 ዓመት ውስጥ በልብ ቧንቧ በሽታ የሞቱት ወይም ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) የደረሰባቸው 2.3 በመቶ፣ ካልተጨመረላቸው ደግሞ 3.9 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል።

ላብ የሚያጠምቅ ድንገተኛ የደረት ሕመም የያዘው ሰው ግን የሲቲ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በቅርቡ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ሄዶ ኢሲጂ ይነሣል።