ግፊትና የሙቀት መጠን ከመሀል አዲስ አበባ ሲለኩ

ሁለት ብርጭቆ ሻይ ወደ አንድ ማንቆርቆሪያ ቢገለበጥ ይዘቱ እጥፍ ይሆናል፤ የሙቀት መጠኑ ግን ያው ነው። በቴርሞዳይናሚክስ (የሙቀትና የኢነርጂ ጥናት) ይዘትና መጠነ ቁስ ከብዛት ጋር የሚያድጉ ባሕርያት ሲሆኑ፣ ግፊትና የሙቀት መጠን ብዛት አይለውጣቸውም። በአማርኛ ሙቀትና የሙቀት መጠን መደባለቃቸው ተማሪን ያደናግራል፤ ሙቀት ከትኩሱ ወደ ቀዝቃዛው የሚሻገር ኢነርጂ ነው፣ በቴርሞሜትር የሚነበበው ግን የሙቀት መጠን ነው።

ግፊት በአንድ ስፋት ላይ የሚያርፍ ኃይል ነው፤ መለኪያው ፓስካል ይባላል። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1643 በሠራው የአየር ግፊት መለኪያ፣ በባሮሜትር፣ የባዘቃው (የሜርኩሪው) ዓምድ ባሕር ጠለል ላይ 760 ሚሊ ሜትር ያህል ይቆማል። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው በመሀል አዲስ አበባ ግን ከ570 ብዙም አያልፍም፤ ይህም 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። እዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው፣ ባቄላውም እሳት ላይ የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጎሚስታው ጋ ያለው የጎማ ግፊት መለኪያ፣ ጌጁ፣ ግን ይህን አየር አይቆጥርም፤ ዜሮው የአካባቢው አየር ነው። 220 ኪሎ ፓስካል ሲያሳይ በጎማው ውስጥ ያለው ፍጹም ግፊት፣ ማለትም የአካባቢው አየር ግፊት ሲደመርበት፣ 296 ነው። ያው ጎማ ጅቡቲ ላይ በ35 ዲግሪ እስከ 220 ተነፍቶ ከነበረ ፍጹም ግፊቱ 321 ነበር። አዲስ አበባ ሲደርስ የውጪው አየር ስለሳሳ ጌጁ ወደ 245 መውጣት ነበረበት። ጎማው ወደ 15 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግን የውስጡ ግፊት ወደ 300 ይወርዳል፤ ጌጁም 224 ያነባል። ሾፌሩ ምንም የተለወጠ ነገር አያይም፣ ሁለት ለውጦች ተጣፍተውበታል። የደም ግፊትም እንዲሁ ከአካባቢው አየር በላይ ያለው ብቻ ነው፦ 120 ያለው የአዲስ አበባ ሰው ፍጹም የደም ግፊቱ 690 ሚሊ ሜትር ባዘቃ ነው፤ ከጅቡቲ ተራ አየር ያንሳል!

የጎማው ስሌት በሴልሺየስ ቢሠራ ከ35 ወደ 15 መውረድ ግፊቱን ከግማሽ በታች ያደርሰው ነበር፤ ስህተት ነው። የሴልሺየስ ዜሮ የበረዶ መቅለጫ እንጂ የሙቀት ማለቂያ አይደለም። ኬልቪን እ.ኤ.አ. በ1848 ያቀረበው ሚዛን ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከሴልሺየስ ዜሮ 273.15 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ስለሚጀምር 35 ዲግሪ 308፣ 15 ዲግሪ ደግሞ 288 ኬልቪን ይሆናል፤ ግፊቱም በዚሁ ጥምርታ ይቀንሳል። በፋራናይት ሚዛን በረዶ የሚቀልጠው በ32 ነው፤ ወደዚያ ለመቀየር ሴልሺየሱን በ1.8 አባዝቶ 32 መደመር ይበቃል።

ሴልሺየስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1742 ሚዛኑን ሲያወጣ ለመፍያ ዜሮ፣ ለበረዶ 100 ሰጥቶ ነበር፤ የተገለበጠው በኋላ ነው። መፍያው ከአየሩ ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥም ያውቅ ስለነበር ባሮሜትሩን አብሮ ማንበብ ነበረበት። ፒያሳ ላይ የፈላ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር ነክሮ «መቶ» ብሎ ምልክት የሚያደርግ ሰው መሣሪያውን ከ7 ዲግሪ በላይ ያሳስተዋል።