ከወዝ እስከ እንባ፦ የውሻ ቆዳ ዕጢ ሕመምና ዓይን

የውሻን ፀጉር የሚያወዛው በፀጉር ሥር ካሉ ጥቃቅን ዕጢዎች የሚወጣ ቅባት ነው። የእነዚህ ዕጢዎች የቅርብ ዘመዶች ደግሞ በዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ይገኛሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪሽ ማይቦም በ1666 እ.ኤ.አ. ስለገለጻቸው በስሙ ይጠራሉ፤ በውሻ በእያንዳንዱ ቆብ ከ20 እስከ 40 ያህል ይሆናሉ። የሚያፈሱት ቅባት ወጥ ላይ እንደሚሰፍር ዘይት እንባውን ከላይ በስሱ ይሸፍነዋል። ከቅባቱ ሥር ውሃው አለ፤ ከውሃው ሥር ደግሞ እንባውን ከኮርኒያ (የዓይን ግልጽ የፊት ሽፋን) ጋር የሚያጣብቅ ንፍጥ መሰል ፈሳሽ። ቅባቱ ሲጎድል ውሃው ቶሎ ይተናል፤ እንባ በበቂ እየመነጨም ዓይን የሚደርቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ከቆዳ ሕመሞች ውስጥ በቀጥታ የወዝ ዕጢን የሚያጠቃው የወዝ ዕጢ ብግነት ይባላል። የሰውነት መከላከያው ራሱ ያደርሰዋል ተብሎ በሚታመን ጥቃት ዕጢዎቹ እየተቆጡ ይጠፋሉ። ስታንዳርድ ፑድል፣ አኪታ፣ ሳሞይድና ቪዝላ የሚባሉ የውሻ ዝርያዎች በብዛት ይያዛሉ። ከጀርባ ጥቂት ፀጉር ነቅሎ በብርሃን ፊት ለያዘ ሰው፣ የፀጉሩን ሥር እንደ እጅጌ የከበበ ነጣ ያለ ቅርፊት ይታየዋል። ፎረፎሩ ይበዛል፣ ፀጉሩ ይሳሳል፤ ማሳከኩ ግን ሌላ ኢንፌክሽን ካልታከለ ብዙም አይደለም። ማረጋገጫው ከቆዳው ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ብግነቱ እስከ ቆቡ ጠርዝ ሲደርስ የማይቦም ዕጢዎችም አብረው ሊጎዱ ይችላሉ።

መሐል አዲስ አበባ ግን ፑድልና አኪታ በየግቢው አይገኙም። ከአጥሮች ኋላ የሚጮኸው በአብዛኛው የሐበሻ ውሻ፣ ጀርመን ሼፐርድ ወይም የሁለቱ ዲቃላ ነው። ስለዚህ እዚህ ቆዳንና ዓይንን አንድ ላይ የሚነካው አብዛኛውን ጊዜ እከክ፣ አለርጂ ወይም ፈንገስ ነው። የቆቡ ጠርዝ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ቅርፊት ያወጣል። በበጋ ማለዳ ዘበኛው በሩን ሲከፍት ቡቺ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይመጣል፤ ጥጉ ላይ አይናሩ ደርቆ ተጣብቋል። ባለቤቱ አቧራው ነው ይላል። አቧራው ድርሻ አለው፣ ግን የሆዱንና የብብቱን ቆዳ ገልጦ ያየ የለም።

ሌላ የሚያሳስት ነገርም አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። በእንዲህ ዓይነት ከፍታ ብርቱው የፀሐይ ጨረር በጀርመን ሼፐርድ ኮርኒያ ላይ ፓነስ የሚባለውን ሕመም ያባብሳል። ሰው ሁሉ ሞራ ይለዋል፤ ሞራ ግን ከውስጥ ካለው ሌንስ የሚነሳ ነው፣ ይኼኛው ከላይ የሚጋረድ ቀይና ጥቁር ሽፋን ነው።

ሐኪሙ የእንባውን መጠን የሚለካው ሽርመር በሚባለው ቀጭን ወረቀት ነው። ወረቀቱ በታችኛው ቆብ ውስጥ 1 ደቂቃ ይቆያል፤ 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከረጠበ ጤናማ ነው፣ ከ10 በታች ከሆነ ያሰጋል። ችግሩ የቅባት እጥረት ሲሆን ግን ወረቀቱ በደንብ ሊረጥብ ይችላል። ያኔ ዓይኑ ላይ ፍሎረሲን የሚባል ቀለም ጨምሮ እንባው ስንት ሰከንድ ሳይበጣጠስ እንደሚቆይ ማየት ያስፈልጋል፤ በጤናማ ውሻ 20 ሰከንድ ገደማ ነው። ይህ ምርመራ ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል ደረቅ ዓይን ሳይታወቅ ይቀራል።

መድኃኒቱ ራሱም ቆዳን ከዓይን ጋር ያገናኛል። ለቆዳ ኢንፌክሽን የሚታዘዙ የሰልፋ መድኃኒቶች በአንዳንድ ውሾች እንባን ያደርቃሉ። በሌላ በኩል የሰውነት መከላከያን የሚያለዝበው ሳይክሎስፖሪን በአፍ ለቆዳው፣ በቅባት መልክ ለዓይን ይሰጣል። ለወዝ ዕጢ ብግነት ቆዳውን በዘይት አርሶ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያም ቅርፊት በሚያረግፍ ሻምፑ ማጠብ የተለመደ ሕክምና ነው። ይህን የሰማ ግን ወደ ጋራዥ እንዳይሮጥ፤ እከክ ላይ የሚቀባው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቆዳን ያቆስላል፣ ሲላስ ይመርዛል፣ ዓይን ውስጥ ሲገባም ያቃጥላል። ለቆቡ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ5 ደቂቃ ማሳረፍ የረጋውን ቅባት ያላላል። ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታ ኮርኒያው አለመቁሰሉ ሳይረጋገጥ አይደረግም፤ ቁስሉን ሊያሰፋው ይችላልና። የዓይን ሳይክሎስፖሪንም ውጤቱ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል፤ ብዙ ባለቤቶች ግን በሁለተኛው ሳምንት ያቆሙታል።