የከባድ መኪና የሞተር መብራት ሲበራ፦ ኮዱን እስከ ሥሩ ማንበብ

በአሜሪካ መንገዶች ላይ ያሉት የዛሬዎቹ ከባድ የጭነት መኪናዎች ሞተራቸው በኮምፒውተር የሚመራ ነው። ኮምፒውተሩ ከየሴንሰሩ የሚመጣውን ይከታተላል። ከተለመደው የወጣ ነገር ሲያይ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ያበራል፣ ኮድም ይመዘግባል። በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ሀበሻ ስላለ ነገሩ ኪሳችንን በቀጥታ ይነካል።

መጀመሪያ ቀለሙ ይታያል። ቢጫው መብራት ችግር አለ፣ ቶሎ አስመርምር ይላል። ቀዩ ግን ቁም ነው። የዘይት ግፊት ወርዶ ወይም ሞተሩ ከልክ በላይ ግሎ ሊሆን ይችላል። ደህና ቦታ ዳር ይዞ ማጥፋት እንጂ «ቀርቤያለሁ፣ ልድረስ» ማለት ሞተሩን ገደል መክተት ነው።

ቀጥሎ ኮዱ ይነበባል። መኪኖቹ ጄ1939 በሚባለው የጋራ ደንብ ስለሚነጋገሩ፣ ስካነሩ (ኮዱን የሚያነበው መሣሪያ) የሚሰካው በሾፌሩ በኩል ከዳሽቦርዱ ሥር ባለው ክብ ባለ 9 ፒን መሰኪያ ላይ ነው። የቆዩት ላይ ጥቁር ነው፤ ከ2016 አካባቢ ወዲህ አረንጓዴው በዝቷል።

ኮዱ ሁለት ቁጥሮች አሉት። ኤስፒኤን የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ኤፍኤምአይ ደግሞ ምን ዓይነት ችግር እንደሆነ ይናገራል። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ሁለተኛውን ሳያዩ በመቅረት ነው። ኤስፒኤን 100 የሞተር ዘይት ግፊት ነው። ከኤፍኤምአይ 1 ጋር ከመጣ ግፊቱ በአደገኛ ደረጃ ወርዷል ማለት ነው፤ ዘይቱ ይለካል፣ ግፊቱም በሜካኒካል ጌጅ ይረጋገጣል። ከ3 ወይም ከ4 ጋር ከመጣ ግን የቮልቴጅ ጉዳይ ነው፤ 5 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተቆረጠ መስመር ነው። ያኔ የሚፈተሸው ሽቦው፣ ሶኬቱና ሴንሰሩ ነው። በተለይ በክረምት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው ክፍለ ግዛቶች ሶኬት ውስጥ ዝገት መፈለግ ተገቢ ነው። ኮድ የሚለወጠውን ዕቃ አይነግርም፤ የት መመርመር እንደሚጀመር ነው የሚያሳየው።

በጣም የሚያስቸግረው የጭስ ማጣሪያው ክፍል ነው። የ2007 የልቀት ደንብ የጥላሸት ማጣሪያውን (ዲፒኤፍ)፣ የ2010ሩ ደግሞ ጭሱን ለማጽዳት የሚረጨውን ዴፍ የሚባል ፈሳሽ አስፋፉ። ዴፍ 32.5 በመቶ ዩሪያ ነው፤ ሌላው የተጣራ ውሃ ነው። ማጣሪያው ሲሞላ መብራቱ ይበራል፤ መኪናውም ሪጄን፣ ማለትም ጥላሸቱን በከፍተኛ ሙቀት አቃጥሎ ማጣሪያውን ማጽዳት፣ ይጠይቃል። ያኔ ጭሱ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሚግል ደረቅ ሣር ላይ አቁሞ ማስጀመር አደጋ ነው። ማጣሪያው ቶሎ ቶሎ ከተደፈነ ጥፋቱ የሱ ላይሆን ይችላል። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው ዕቃ)፣ ዘይት የሚያሳልፍ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ወይም የተቀደደ የአየር ቱቦ ጥላሸት ያበዛል። ይህ ሳይጠገን ማጣሪያውን ማሳጠብ ወጪውን ለጥቂት ሳምንት ማራዘም ብቻ ነው።

ኮድ በስካነር ከመሰረዙ በፊት መጻፍ አለበት። ሲሰረዝ ብልሽቱ በተፈጠረ ሰዓት የተመዘገበው ፍጥነትና ሙቀትም አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ ለመካኒኩ ግን ትልቁ ፍንጭ እሱ ነው።

የማይገናኙ ብዙ መብራቶች ባንዴ ሲበሩስ? ዕቃ ከመግዛት በፊት ባትሪውና የግራውንድ ሽቦዎቹ ይታዩ። ከዚያ ባትሪው ተነቅሎ ስካነሩ በሚሰካበት መሰኪያ የሲ እና የዲ ፒኖች (ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩበት መስመር) መካከል ያለው ሬዚስታንስ ይለካ። ወደ 60 ኦም መሆን አለበት። 120 ካሳየ፣ በመስመሩ ጫፎች ካሉት ሁለት ሬዚስተሮች አንዱ የለም ወይም መስመሩ ተቆርጧል።